የአንዲት ተውላጠ ስም ዋጋ

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በጥቅምት 2002 ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጉ የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ፒኤስኤቲ ለሚባለው ፈተና ተቀመጡ። ፒኤስኤቲ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ኤስኤቲ መለማመጃ ይባል እንጂ ቀልድ አይደለም። ታዋቂው የናሽናል ሜሪት ስኮላርሺፕ እጩዎች የሚለዩት በዚሁ ውጤት ነው። ከእንግሊዝኛ ሰዋስው ጥያቄዎቹ አንዱ ስለ ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰን የሚያወሳ ዓረፍተ ነገር ነበር። በአጭሩ፣ የቶኒ ሞሪሰን የላቀ ተሰጥኦ ጥቁር አሜሪካውያን የደረሰባቸውን በደል የሚገልጹ ልብ ወለዶች እንድትፈጥር አስችሏታል ይላል። ተማሪው ከተሰመረባቸው ቃላት ስህተት የሆነውን ማውጣት ነበረበት። ስህተት ካላየ «ስህተት የለም» የሚለውን ያጠቁራል። የፈተናው አዘጋጆች ትክክለኛ መልስ «ስህተት የለም» ነበር።

አንድ የሜሪላንድ የጋዜጠኝነት መምህር ግን አለ አሉ። «አስችሏታል» ሲል «ኸር» የምትለው ተውላጠ ስም የምታመለክተው ማንን ነው? ሞሪሰንን እንዳይባል፣ ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያለው «ሞሪሰን» ሳይሆን «የሞሪሰን» ነው። «የሞሪሰን» ደግሞ ተሰጥኦ የሚለውን ስም የሚገልጽ ቅጽል መሰል ቃል ነው። ጥብቅ የሆኑ የእንግሊዝኛ ሰዋስው መጻሕፍት ተውላጠ ስም እንዲህ ዓይነቱን አገናዛቢ ቃል ተክቶ ሊቆም አይችልም ይላሉ። ስለዚህ ስህተት አለ።

ፈተናውን የሚያስተዳድረው ኮሌጅ ቦርድ በመጀመሪያ አልተቀበለም። መምህሩ ደጋግሞ ጻፈ፣ ደብዳቤው ለወራት ተመላለሰ። በመጨረሻ፣ በ2003፣ ጉዳዩ ለውጭ ባለሙያዎች ቀርቦ ጥያቄው ከነጭራሹ እንዲሰረዝ ተወሰነ። ወረቀቱ እንደገና ታረመ፣ ወደ 480 ሺህ የሚሆኑ ተማሪዎችም ውጤታቸው ከፍ አለ።

ነገሩ ቀልድ የሚመስለው ለአማርኛ ተናጋሪ ነው። «ተሰጥኦዋ አስቻላት» ሲባል የተቻላት ማን ናት ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ግሱ ራሱ ተሸክሟት ይዞራል። የሚያስደነግጠው ግን ሌላው ነው። በዚያ ጥያቄ የተጎዳው ሰዋስው ያላጠናው ተማሪ አልነበረም። ሕጉን ሰምቶ የማያውቀው ዓረፍተ ነገሩን አንብቦ፣ ምንም አልጎረበጠውም፣ «ስህተት የለም» አለና ነጥቡን ወሰደ። አስተማሪው ጥብቅ የነበረውና ሕጉን በቃሉ የያዘው ደግሞ ሳተ።

ለመሆኑ ሕጉን ማን አወጣው?

እንግሊዝኛ እንደ ፈረንሳይኛ የቋንቋ አካዳሚ ኖሮት አያውቅም። ዛሬ በፈተና ላይ የሚጠየቁት ብዙዎቹ «ክልክል» እና «ትክክል» የሚሉ ሕጎች ሥራዬ ብለው መጽሐፍ ከጻፉ ግለሰቦች የመጡ ናቸው። ከሁሉም ስሙ የሚነሳው ሮበርት ሎውዝ የተባለ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። በ1762 ባሳተመው አጭር የሰዋስው መጽሐፍ ሼክስፒርን፣ ሚልተንን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን የእንግሊዝኛ ትርጉም ሳይቀር እየጠቀሰ «እዚህ ላይ ተሳስተዋል» ብሏል። በኋላ የለንደን ጳጳስ ሆነ። በ1795 ሊንድሊ መሪ የተባለ፣ አሜሪካን ትቶ እንግሊዝ አገር ዮርክ ከተማ የተቀመጠ የሕግ ሰው፣ ለአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ብሎ ያዘጋጀው የሰዋስው መጽሐፍ በአትላንቲክ ግራና ቀኝ በገፍ ተሸጠ። ጊዜው ነጋዴው ክፍል ገንዘብ ያገኘበት፣ ነገር ግን አፉን ሲከፍት የት እንደተወለደ የሚታወቅበት ነበር። ሰዋስው የሚገዛ ነገር ሆነ። ልብስ እንደሚገዛው።

ወደ ዩኒቨርሲቲ በር የመጣው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። ሃርቫርድ በ1874 መግቢያ ላይ አጭር የእንግሊዝኛ ድርሰት መጠየቅ ጀመረ። ርዕሱ ከሼክስፒር ወይም ከዋልተር ስኮት ይወጣል፤ የሚታረመው በፊደል፣ በሥርዓተ ነጥብ፣ በሰዋስውና በአገላለጽ ነው። ተፈታኞቹ እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው የሆነ፣ ውድ ትምህርት ቤት የተማሩ የሀብታም ልጆች ናቸው። በጅምላ ወደቁ። በ1892 የሃርቫርድ ኮሚቴ የተማሪዎቹን ጽሑፍ መርምሮ ያወጣው ሪፖርት ጥፋቱን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ላይ ደፈደፈ። «የዘንድሮ ተማሪ እንግሊዝኛ አይችልም» የሚለው እሮሮ እንግዲህ በባለቤቶቹ ዘንድ 150 ዓመት ሊሞላው ነው።

ኮሌጅ ቦርድ በ1900 ተቋቁሞ በ1901 የመጀመሪያውን የጋራ ፈተና ሲሰጥ 973 ተማሪ ብቻ ነበር የተቀመጠው። ፈተናው ሁሉ በጽሑፍ የሚመለስ ነው፤ አራሚዎች ተሰብስበው በእጅ ያርማሉ። ይህን የቀየሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ በ1910ዎቹ አጋማሽ ካንሳስ ውስጥ ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ የትምህርት ባለሙያ ያመጣው የምርጫ ጥያቄ ነው። ኬሊን ያሳሰበው አንዱ መምህር 90 የሰጠውን ወረቀት ሌላው 60 መስጠቱ ነበር። ሁለተኛው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። የአሜሪካ ጦር ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ምልምሎችን በጅምላ «የአእምሮ ፈተና» ፈተነ። በዚያ ሥራ ከተሳተፉት አንዱ ካርል ብሪገም ነበር።

ብሪገም የዚህ ታሪክ አሳፋሪ ገጽ ነው። በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ የጦሩን ውጤት ይዞ የሰሜን አውሮፓ ዘር በአእምሮ የበላይ ነው፣ ጥቁሮችና አዳዲስ ስደተኞች አገሪቱን እያወረዷት ነው ሲል ደመደመ። ይኸው ሰው ነው ኤስኤቲን ያዘጋጀው። የመጀመሪያው ፈተና ሰኔ 23 ቀን 1926 ለ8,040 ተማሪዎች ተሰጠ። በ1930 ብሪገም ራሱ በጻፈው ጽሑፍ የቀድሞ ድምዳሜው መሠረት የለውም ብሎ ሻረው። መሻሩ ያስመሰግነዋል፤ ፈተናው ግን ቀጠለ። እንግሊዝኛ በቤቱ የማይነገርበትን ልጅ በእንግሊዝኛ ፈትኖ «አእምሮው ዝቅተኛ ነው» ማለት ስህተት መሆኑን ለመረዳት ሰባት ዓመት የፈጀበት ሰው የሠራው ፈተና መሆኑን ማስታወስ ግን ደግ ነው።

የድርሰት ፈተናውን የገደለው ፐርል ሃርበር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አሜሪካ በታኅሣሥ 1941 ጦርነት ስትገባ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን አጣደፉት፤ በሰኔ ተፈትኖ፣ በእጅ ታርሞ የሚደርስ ውጤት አልመች አለ። ከ1942 ጀምሮ የቀድሞው የጽሑፍ ፈተና ቀርቶ የምርጫ ፈተና ቦታውን ያዘ። ጦርነቱ አለቀ፣ ድርሰቱ አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ፈተና አዘጋጆቹን መውቀስ ብቻ ፍትሕ አይሆንም። በ1961 ፖል ዲዴሪክና ባልደረቦቹ 300 የተማሪ ድርሰቶችን ለ53 አንባቢዎች ሰጡ። አንባቢዎቹ መምህራን፣ አርታኢዎች፣ ጠበቆች፣ ነጋዴዎች ነበሩ። ከ1 እስከ 9 ነጥብ እንዲሰጡ ተጠየቁ። ከ300ው 101 ድርሰቶች ከ1 እስከ 9 ያለውን ነጥብ ሁሉ አገኙ፤ አንዱ አንባቢ ከምርጦች ተርታ ያስቀመጠውን ሌላው ከጭራ አስቀመጠው። ከአምስት ያነሰ የተለያየ ነጥብ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም። በእጅ የሚታረም ድርሰት ማለት እንግዲህ እጣ ነው፤ ማን እንደሚያርምህ ነው ወሳኙ። ከአምስት ዓመት በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሰዋስውን በምርጫ መጠየቅ የአንድን ተማሪ የመጻፍ ችሎታ በአንድ አራሚ ከታረመ አንድ ድርሰት ባልተናነሰ እንደሚተነብይ አሳዩ። ምርጫ ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ዘመድ የለውም። በዚህ ምክንያት አሸነፈ።

ተማሪ ግን ሞኝ አይደለም። ብሩክሊን ውስጥ ስታንሊ ካፕላን የተባለ የስደተኛ ቤተሰብ ልጅ፣ ሕክምና ትምህርት ቤቶች ቢከለክሉት፣ በቤቱ ምድር ቤት ማስጠናት ያዘ። በ1946 ኤስኤቲ ማስጠናት ሲጀምር ኮሌጅ ቦርድ «ይህ ፈተና ሊጠና አይችልም» እያለ ነበር። ካፕላን ከፈተና በኋላ ተማሪዎቹን ሰብስቦ ይጋብዝና እያንዳንዳቸው የሚያስታውሱትን ጥያቄ እንዲነግሩት ያደርግ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ተገለጠ፤ የሰዋስው ጥያቄ ፊቱን ይቀያይራል እንጂ ወጥመዱ ቁጥሩ ውስን ነው። ባለቤቱና ግሱ መካከል ረዥም ሐረግ ይሰነቀርና ባለቤቱ ይረሳል። ተውላጠ ስሟ የማን እንደሆነች ይጠፋል። ዝርዝር ውስጥ ሁለት ስሞችና አንድ ግስ ይደባለቃሉ። ወጥመዱን ያወቀ ዓረፍተ ነገሩን ማንበብ እንኳ አያስፈልገውም፤ ዓይኑ በቀጥታ ወደ ግሱ ይሄዳል። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየሠፈሩ ቱቶር የሚሸጠው ከዚያ ምድር ቤት የተጀመረውን ነው።

1974 ልዩ ዓመት ነው። በዚያ ዓመት የሰላሳ ደቂቃ፣ የሃምሳ ጥያቄ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ፈተና ከኤስኤቲ ጋር መሰጠት ጀመረ፤ ስሙም የ«መደበኛ» ጽሑፍ እንግሊዝኛ ፈተና ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የኮሌጅ ድርሰት መምህራን ማኅበር ተማሪዎች በራሳቸው ቋንቋና ዘዬ የመጠቀም መብት እንዳላቸው የሚያውጅ ውሳኔ አጸደቀ። «መደበኛ» የሚባለው እንግሊዝኛ የአንድ ማኅበረሰብ ዘዬ ነው፤ እሱን ብቸኛ ልክ ማድረግ አንዱ ሌላውን የሚገዛበት መንገድ ነው አሉ። የጥቁር ሠፈር ልጅ ግሱን በራሱ ሕግ ሲያረባ ሕግ የለሽ አይደለም፤ ሌላ ሕግ ነው ያለው። ፈተናው ግን አንዱን ሕግ ብቻ ያርማል። መምህራኑ አወጁ፣ ማሽኑ አረመ።

የሰዋስው ጥያቄዎቹ ፒኤስኤቲ ውስጥ የገቡበት መንገድ ደግሞ ከሁሉ ይገርማል። ልጃገረዶች በክፍል ውጤት ከወንዶች እየበለጡ በፒኤስኤቲ ያንሱ ነበር፤ ስኮላርሺፑም ወደ ወንዶች ያጋደለ ሆነ። የመብት ተሟጋቾች ከሰሱ፤ በ1996 ስምምነት ተደረሰ፣ በ1997 የጽሕፈት ክፍል ተጨመረ። ልጃገረዶች በጽሕፈት ይሻላሉና። የሞሪሰኗ ጥያቄ ለልጃገረዶች ፍትሕ ተብሎ በተከፈተ በር ገባች ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ያለው የታወቀ ነው፤ በ2005 ድርሰትና ሰዋስው ኤስኤቲ ውስጥ ገቡ፣ በ2016 ድርሰቱ አማራጭ ሆነ፣ በኋላም ቀረ። ሰዋስው ዛሬም አለ።

ኢትዮጵያ ከዚህ ጉዳይ ጋር የተገናኘችው በእንግሊዝ በር ገብታ በአሜሪካ በር ወጥታ ነው። በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት መምህራን ግብፃውያን ነበሩ፤ ገናና የነበረው የውጭ ቋንቋም ፈረንሳይኛ ነበር። ከ1941ዱ ነፃነት በኋላ እንግሊዞች አብረው ገቡ፣ ቋንቋቸውም ገባ። በዚያ ዘመን ተማሪዎቻችን የሚፈተኑት ከለንደን የሚመጣ የማትሪኩሌሽን ፈተና ነበር። ከ1940ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ አገሪቱ የራሷን የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ስታዘጋጅ የለንደኑ ስም ተቆርጦ «ማትሪክ» ሆኖ ቀረ። ዛሬ ፈተናው ስሙን ስንቴ ቀይሮ እንኳ እናቶች «ልጄ ማትሪክ ተፈታኝ ናት» ነው የሚሉት። በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ መሪ ሉሲያን ማት ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊ ኢየሱሳዊ ነበሩ፤ የማስተማሪያ ቋንቋው ግን እንግሊዝኛ ነበር። በ1962 ደግሞ ወደ 280 የሚጠጉ የአሜሪካ ሰላም ጓድ መምህራን በአንድ ጊዜ ገብተው በየጠቅላይ ግዛቱ ተበተኑ። የእነሱን ክፍል ያለፈ ትውልድ እንግሊዝኛው ከአሜሪካኖች አፍ የተቀዳ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቁልቁለት ጉዞ ነው። በ1986 ጆን ስቶዳርት የተባለ ባለሙያ የኢትዮጵያን ትምህርት ቤቶች ዞሮ ባቀረበው ጥናት እንግሊዝኛ ማስተማሪያ መሆኑ ቀርቶ እንቅፋት ሆኗል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። መምህሩም ተማሪውም አይረዱትም፤ ሰሌዳ ላይ ያለው ይገለበጣል፣ ይሸመደዳል። የ1994ቱ ፖሊሲ አንደኛ ደረጃን ለአፍ መፍቻ ቋንቋዎች ሰጥቶ ሁለተኛ ደረጃን ለእንግሊዝኛ ተወው። በ2004 መንግሥት መፍትሔ ብሎ ያመጣው ፕላዝማ ነበር፤ ከሳተላይት የሚወርድ፣ በደቡብ አፍሪካ ቅላጼ የሚፈጥን፣ ቆም በል ቢሉት የማይሰማ መምህር።

የኢትዮጵያዊው ተማሪ ወጥመድ ከአሜሪካዊው ይለያል፤ ይህ ነው በቱቶር ቤት ብዙ የማይነገረው። አማርኛ «ምንም እንኳ ቢደክመውም ነገር ግን ሄደ» ማለትን አይጠላም። እንግሊዝኛ «ኦልዞ» ካለ «በት» አይደግምም፤ ሁለቱን አብሮ ያደረገ አማራጭ ለእኛ ተማሪ ጆሮ ጣፋጭ ነው፣ ያጠቁረዋልም። አማርኛ «ብዙ ሰው መጣ» ይላል፣ ግሱ ነጠላ ነው፣ ትክክል ነው። እንግሊዝኛ ግሱን ያበዛል። «አልበላህም?» ተብሎ ያልበላ ሐበሻ «አዎ» ይላል፤ የጠያቂውን ቃል ማጽደቁ ነው። በእንግሊዝኛ ንግግር አሟላ ጥያቄ ላይ ግን «የስ» ካለ በልቷል ማለት ነው። በሞሪሰኗ ጥያቄ ሕጉን የማያውቀው አሜሪካዊ ልጅ በጆሮው ዳነ። የኢትዮጵያዊው ልጅ ጆሮ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሲዳምኛ ነው፤ በጆሮው ሲመራ ይስታል። ከአሜሪካ የተቀዳውን «ጥሩ የሚመስለውን ምረጥ» የሚል ምክር ለደሴና ለጅማ ልጅ መስጠት መንገድ ማሳሳት ነው። እሱ የሚያስፈልገው ቋንቋው የት ላይ ከእንግሊዝኛ እንደሚጣላ የሚያሳየው መምህር ነው፣ ለዚያ ደግሞ መምህሩ ሁለቱንም ማወቅ አለበት።

በ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ተማሪው አንዲትም ዓረፍተ ነገር በራሱ እጅ አይጽፍም። የመጻፍ ችሎታው ራሱ በምርጫ ይጠየቃል። ሰማንያ አምጥቶ የሥራ ማመልከቻ ሰው የሚያስጽፍ ወጣት የምናየው ለዚህ ነው። ይህን ያህል ሺህ ድርሰት በእጅ ይታረም ቢባል ግን ማን ያርመዋል? የዲዴሪክ 53 አንባቢዎች በሰላም አገር፣ ያለ ዘመድና ያለ ዘር ቁጥር ያን ያህል ከተለያዩ፣ የእኛዎቹ ምን ሊያደርጉ ነው? የገጠር ድሃ ልጅ ስሙ ሳይታይ በማሽን መታረሙ ከብዙ ነገር አድኖታል። ምርጫውን ማጣጣል ለከተሜ ቀላል ነው።

በግንቦት 2016 የአገር አቀፉ ፈተና የተሰረዘው ጥያቄዎቹ በማኅበራዊ ሚዲያ ስለወጡ ነበር፤ ወጣ የተባለው የእንግሊዝኛው ወረቀት ነው። ፈተናው በሐምሌ ሲደገም ማኅበራዊ ሚዲያው ተዘጋ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች በየዩኒቨርሲቲው ገብተው ኩረጃ በተዘጋበት ሁኔታ ሲፈተኑ ደግሞ ከተፈተኑት 896,520 ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ሆኑ፣ 3.3 በመቶ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ ቀጥሎ 5.4፣ ከዚያም 8.4 በመቶ ሆነ።

በእነዚህ ቁጥሮች ላይ ብዙ ተባለ። መምህሩ ተወቀሰ፣ ፖሊሲው ተወቀሰ፣ ጦርነቱ ተወቀሰ። አንድ ነገር ግን ብዙም አልተነሳም። የፊዚክሱም፣ የባዮሎጂውም፣ የታሪኩም፣ የጂኦግራፊውም ወረቀት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ስለ ዓድዋ የሚጠየቀው ልጅ ጥያቄው ውስጥ ያለውን «ኤክሴፕት» ካላየ ዓድዋን እያወቀ ይወድቃል። ከ96.7 በመቶዎቹ ስንቱ ትምህርቱን ሳያውቅ፣ ስንቱ ደግሞ ጥያቄው ሳይገባው እንደወደቀ የሚለይ ውጤት ለሕዝብ አልቀረበም። አሜሪካኖች በአንዲት ተውላጠ ስም ምክንያት 1.8 ሚሊዮን ወረቀት መልሰው አርመዋል። እዚህ ጥያቄው ከፈተና በኋላ ለሕዝብ ወጥቶ፣ አንድ የወልድያ ወይም የነቀምቴ መምህር «ይህ መልስ ልክ አይደለም» ብሎ የሚጽፍበት አድራሻ ገና አልተከፈተም።